አንቀጽ 7 በአራት መኪና

(የኮምፒውተር ሥልጠና ለሚወስዱ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር፣ በተናጋሪዋ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ጋባዦቼ «ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ትንሽ ያጫውቱን» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። እናንተ ኮድ ጻፊዎች ናችሁ። ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ከዚያ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለችው ወረቀት ትዝ አለችኝ።

ይቺ ናት። ከኋላ ላላችሁት ላትታያችሁ ትችላለች፣ ቆይተን እናዞራታለን። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። እጥፋቷ ላይ ሳስታለች። የሰፈራችን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ሦስተኛ ገጽ ናት። በ1979 ዓ.ም. የተየብኳት እኔ ነኝ። አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም ዕድርተኛ ለቅሶ ቤት ሳይገኝ ቢቀርና በቂ ምክንያት ባያቀርብ ብር 1 ይቀጣል። ለቀስተኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ያላደረሰ ተረኛ ብር 2 ይቀጣል።»

ብር 1 ስል ሳቃችሁ። ያኔ ግን የምታስቅ ብር አልነበረችም።

ይቺ ገጽ ከኔ ጋር ነው ያረጀችው። ደንቡ በተሻሻለ ቁጥር የምትተየበው በኔ እጅ ነው፤ ዕድሩ ሌላ ጸሐፊ አላገኘም፣ እኔም እምቢ ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና ጻፍኳት። በ1994 ዓ.ም. በኮምፒውተር ጻፍኳት። አምና ደግሞ በስልክ፣ አንዴ በጣቴ አንዴ በድምፄ። ሳላስበው ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያንኑ ሊጥ በተለያየ ምጣድ ስጋግር ኖሬያለሁ ማለት ነው። ምጣድ የገዛች ሴት ደግሞ የሻጩን አፍ አታምንም። የራሷን ሊጥ አቡክታ ነው የምትሞክረው። ስለዚህ ዛሬ ከአንቀጽ 7 አልወጣም።

እስቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አይታችሁ የምታውቁ እጅ አውጡ። ሦስት። ሲሠራ ያያችሁ? አንድ። እሺ።

ችግሩን በቁጥር ልንገራችሁ፣ ቁጥር ትወዳላችሁ። ከሀ እስከ ፐ 33 ፊደል አለን። እያንዳንዱ ሰባት ቤት አለው። 33 ጊዜ 7፣ 231። እነ ቋን፣ እነ ኳን፣ ነጥቦቹንና የግዕዝ አኀዞቹን ገና አልጨመርኩም። የጽሕፈት መኪናው ደግሞ ከመነሻው የታሰበው ለላቲን ፊደል ነው። ቁልፎቹ ከ40 ትንሽ ቢያልፉ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ይይዛል። ብትጨምቁት 90 አካባቢ ነው። በሉ እንግዲህ 231ን በ90 ውስጥ ክተቱ።

ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ይህን የቤት ሥራ ከሠሩት ቀዳሚው ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን መገነጣጠል ሆነ። ግንዱ ለብቻው፣ ቅጥያው ለብቻው። አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ ትመታላችሁ። አንዱ ምት ግንዱን ያሳርፋል። ሌላው ምት እግሯን ወይም ቀለበቷን እዚያው ላይ ይደርባል። እኔ ቢሮ የነበረችው ኦሊቬቲ ነበረች። እጅ ሲለምድ ይሄዳል። ግን ወረቀቷን ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩ አንዳንዷ ቅጥያ ከፊደሏ ራቅ ብላ ተንጠልጥላለች። «ይቀጣል» የሚለው ላይ የጣ እግር ወደ ጎን ሸሸት ብሏል። ታየችህ? አዎ፣ እሷ ናት።

በዚያ ዘመን ፊደላችን ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚል ክርክር ነበር። ማተሚያውና የጽሕፈት መኪናው አልቻለውም ተብሎ። መኪናው ጠበበ ብሎ ልጁን እግሩን እንደማሳጠር ነው። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ በኋላ አንብቤ ነው የተናደድኩት።

አሁን ስቴንስል ልንገራችሁ። ዕድሩ 80 አባል ነበረው፣ 80 ኮፒ ያስፈልጋል። በወረቀቶቹ መካከል የሚገባው የካርቦን ወረቀት ቢበዛ አራት አምስት ኮፒ ነው የሚያወጣው፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥላ ይመስላል። ስለዚህ ስቴንስል ይገዛል። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የመኪናዋን ሪባን ከሥራ ውጭ ታደርጉና ባዶ ብረቱ ሰሙን እየወጋ ይጽፋል፤ ማባዣው ደግሞ ቀለሙን በተወጋው በኩል እያሳለፈ ኮፒ ያወጣል። የምትጽፉትን በደንብ አታዩትም። ከተሳሳታችሁ ማረሚያ ፈሳሽ አለ፣ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት። በትንሽ ብሩሽ ትቀቡትና እፍ እፍ ትላላችሁ። እስኪደርቅ ትጠብቃላችሁ። ቸኩላችሁ ከመታችሁት ይቀደዳል። ከተቀደደ ገጹ እንደ አዲስ።

አንቀጽ 7ን ሦስቴ ጽፌያታለሁ። ሁለቴ «ለቀስተኛ» የምትለው ቃል ላይ ቀደድኩት። አለቃዬ ከሥራ ሰዓት በኋላ በቢሮው ማባዣ ስጠቀም አይተው እንዳላዩ አለፉኝ። የሳቸውም እናት የዚያው ዕድር አባል ነበሩ።

ሆኖም መብራት ሲሄድ መኪናዋ አትሄድም። ሻማ ለኩሳችሁ ትቀጥላላችሁ። ደግሞ የጻፋችሁት ነገር በተጻፈበት ቅጽበት አለ። «ሴቭ» የሚባል ጣጣ የለም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1994 ዓ.ም. ዊንዶውስ 98 የጫነ አንድ ማሽን ለክፍላችን ተሰጠ። ጨርቅ አልብሰነው ነበር፣ እንደ ቡና ስኒ ረከቦት። የመጀመሪያ ቀን አንድ ፊደል ተሳሳትኩና እጄ ወደ ማረሚያው ፈሳሽ ሄደ። አሠልጣኙ ሳቀ። የማጥፊያውን ቁልፍ ሲያሳየኝ፣ እመኑኝ፣ እንባዬ መጣ። ስንት ስቴንስል ቀድጄ!

የዕድሩ ደንብ ሊሻሻል ነው ተባለ። ቅጣቱ ብር 5 ሆነ። አንቀጽ 7ን በኮምፒውተር ተየብኳት። የጣ እግር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁሉም ፊደል ሙሉ ሆኖ ወጣ። ስታተም እንደ መጽሐፍ አማረች። ሊቀመንበሩ «ይቺ የኛ ደንብ ናት?» ብለው ደጋግመው አዩዋት። ዕለቱን ግን መብራት ሄዶ ሁለት ገጽ ጠፍቶብኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አዲስ ነገር የወደደ ሰው ጉድለቱን ይደብቅለታል፣ እንደ ሙሽራ።

ፋይሉን ፍሎፒ ላይ፣ ያኔ ፋይል በምንይዝበት ዲስክ ላይ፣ ገለበጥኩ። ፍሎፒውን ፖስታ ውስጥ አድርጌ ከዚህች ወረቀት ጋር ቁም ሳጥን ከተትኩ። አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ጎን ለጎን ተኙ።

መጀመሪያ ምልክት ያየሁት በ2001 ዓ.ም. ገደማ ነው። አንድ የዕድርተኛ ልጅ አሜሪካ አለ። ለእናቱ መዋጮውን ከዚያ ይልክላቸዋል። ደንቡን ላንብበው አለና በኢሜይል ላኩለት። በማግስቱ መለሰ፦ «እትዬ፣ ፋይሉ ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም፣ የማይነበብ ነገር ነው የመጣልኝ።» እኔ ምን አልኩ? የሱ ኮምፒውተር ነው የተበላሸው አልኩ። አትሜ በሰው እጅ ላኩለት።

አምና ደንቡ እንደገና ሊሻሻል ሆነና ፍሎፒውን አወጣሁት። ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን ፍለጋ ስንት ቤት እንደዞርኩ አልነግራችሁም። አንድ አሮጌ ዕቃ ጠጋኝ ጋ ተገኘ። ፋይሉ ተከፈተ። ደስ አለኝ። ከዚያ አየሁት። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ በላዩ ሁለት ነጥብ የተቀመጠበት ኦ፣ ቅንፍ፣ እንደገና ዶላር። አንድ አማርኛ ፊደል የለም። ጠጋኙ ልጅ ደግ ነው፣ «ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው የነበረው?» አለኝ። የዕድር ደንብ ነው ስለው ስክሪኑን እንደገና አየው።

ለእናንተ ይህ ቀላል ነው፣ ለኔ ግን ሰው ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ነበረበት። ያኔ አንድ ፎንት፣ የፊደሎቹን መልክ የያዘው ፋይል ማለት ነው፣ 256 ሳጥን ብቻ ነበረው። ሳጥኖቹ የላቲን ነበሩ። የአማርኛ ፎንት ሠሪዎቹ ያደረጉት ለላቲኑ ፊደል ጭንብል ማጥለቅ ነው። ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ላቲን ነው፣ ላዩ ላይ «ለ» ይመስላል። ጭንብሉ ካለበት ማሽን ስትወጡ ፊቱ ይገለጣል። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱ ጭንብል ነበረው። በአንዱ «መ» የሆነው ሳጥን በሌላው ሌላ ነው። አንዳንዶቹ እንደውም ሳጥኑ ስላልበቃቸው ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውት ነበር።

ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆነው ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ለማውጣት የለፉ አሉ። ዶክተር አበራ ሞላ አሉ፣ አቶ ፍስሓ አጥላው አሉ። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፣ ድሮም እሳት ነው። በዚያ ጠባብ ቤት ያንን ያህል ፊደል ማስገባታቸው ራሱ ጉድ ነው። ደግሞ ከጽሕፈት መኪናው ጋር አስተያዩት። እዚያ ፊደሉ ተቆራርጦ ነበር። እዚህ ሙሉ ሆነ፣ ግን የሰው ልብስ ለብሶ።

ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ የጋራ የቁጥር መዝገብ የሆነው ነገር፣ ይህንን ነው የለወጠው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ለዓመታት ደክመውበታል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለ ለ ነው፣ ጭንብል የለም። አዲስ አበባ የተጻፈ ለ ዋሽንግተንም፣ ቴላቪቭም፣ ዱባይም ለ ነው። በኋላም እየተጨመረ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እነ ሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጓቸው ፊደሎች ገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች ሌላ ጭማሪ ተደረገ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲመጣ ፎንት በፍላሽ መለማመን ቀረ ማለት ነው።

አሁን ቀኖቹን ልብ በሉ። እኔ ያንን ፋይል በ1994 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2001 ወይም 2002 መሆኑ ነው፣ ስጽፍ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። አማራጩ ነበር ማለት ነው። እሺ፣ ያኔ እኔ ጋ አልደረሰም እንበል። ወደ 2000 ዓ.ም. ገደማ ግን ደረሰ። የእህቴ ልጅ ቤት መጥቶ አዲሱን የዩኒኮድ መጻፊያ ጫነልኝ። «አክስቴ፣ ሞክሪው» አለኝ። ሞከርኩት።

እዚህ ጋ ነው ዛሬ የመጣሁበት ነገር። እንዴት እንደሞከርኩት ልንገራችሁ። አንቀጽ 7ን ተየብኩ። አተምኩ። አሮጌውን ህትመት ጎኑ አስቀመጥኩ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ልዩነት የለም! እንደውም የአሮጌው ፎንት ያምራል፣ ወፈር ይላል። ቀጥሎ ፍጥነት አየሁ። አዲሱ ላይ እንደ ኤሊ ነበርኩ። አሮጌው ላይ ጣቴ ራሱ ነው የሚሄደው።

የጣቴ ነገር እንዲህ ነው። በለመድኩት መጻፊያ የእንግሊዝኛዋን ኤስ ብቻ ስነካ «ሰ» ነው የሚወጣው። ሳድሱን ስፈልግ ኢን (e) እጨምራለሁ፣ «ስ» ይሆናል። በአዲሱ ግን ተገልብጧል። ኤስ ብቻውን «ስ» ነው። ኢ ስትጨምሩ «ሰ» ይሆናል። ስለዚህ ሰላም ብዬ ስጽፍ የሚወጣው «ስላመ» ነው። ሁሌ ስላመ። ለወራት ስላመ። የእህቴ ልጅ ደግሞ አዲሱን ለምዶ ስለነበር በኔ አሮጌ መጻፊያ ሰላም ሲል ለሱም የወጣው ያው «ስላመ» ነው። ቤት ገብታችሁ ሞክሩት፣ ሁለቱም መንገድ እዚያው ያደርሳል። ተያይተን ሳቅን። ከዚያ «አውጣልኝ ይሄን ነገር» አልኩት። አወጣልኝ።

ስንት ዓመት ቆየሁ መሰላችሁ? ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ሁሉ በጭንብል ነው።

ፈተናዬ የተሳሳተ አልነበረም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። መልኩ አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ያንሳል። ሁለቱም እውነት ነበር። ግን እኔ የመዘንኩት ወረቀቱን ነው፣ አዲስ የሆነው ደግሞ ወረቀቱ ላይ አይደለም። ውስጡ ነው። ይህን ለማየት ማድረግ የነበረብኝ አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ፋይሉን ለሌላ ሰው መላክ። ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ መክፈት። ያ አሜሪካ ያለ ልጅ ፈተናውን ፈትኖልኝ፣ ውጤቱን ጽፎ ልኮልኛል። እኔ ነኝ «የሱ ኮምፒውተር ነው» ያልኩት።

እናንተ መተግበሪያ ሠርታችሁ ለሰው ስታስሞክሩ ሰውየው «ያው ነው፣ እንደውም የድሮው ይሻላል» ቢላችሁ አትናደዱበት። እሱ የሚያየው መልክና ፍጥነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ አሮጌው በሁለቱም ያሸንፋል፤ ሃያ ዓመት የለመደ ጣት አለውና። የእህቴ ልጅ ያኔ እንዲህ ቢያደርግልኝ ብዬ እመኛለሁ፦ «አክስቴ፣ ይሄን ፋይል ውሰጂና ኢንተርኔት ቤት ሄደሽ ክፈቺው» ቢለኝ። አምስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ስለ አራት ነጥብ። ልማድ ከአሮጌ ዕቃ ወደ አዲስ ዕቃ እንዴት ሾልኮ እንደሚገባ ያሳያል። ብዙ ሰው ዛሬም ዓረፍተ ነገር ሲዘጋ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ሲታይ አራት ነጥብ ነው። ለማሽኑ ግን አይደለም፤ ሁለት የቃል መለያ ተደርድሮ ነው የሚያየው። አንዳንዴ መስመሩ እዚያ ጋ ያልቅና ግማሹ ነጥብ እላይ፣ ግማሹ እታች መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። አይታችኋል አይደል? እኔ እንደዚያ ሳይ አንጀቴ ነው የሚላወሰው።

ስለ ፍለጋም እንዲሁ። «ፀሐይ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። መነሻዋ በፀ ወይም በጸ ነው። መካከሏ በሐ፣ በሀ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል። 12 ዓይነት ፀሐይ ሆነ። በወረቀት ዘመን ይህ የመምህራን ክርክር ነበር። ዛሬ የፈለጋችሁትን ሰነድ ማግኘትና አለማግኘት ነው። እዚህ ውስጥ ይህን የሚያስተካክል ነገር የሚሠራ ልጅ ካለ እጁን እስመዋለሁ።

ስልክ ላይ ደረስን። በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ እናንተ ከኔ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አስገረመኝ። ቅጣቱ ከመቀየሩ በፊት አባላቱ አሮጌውን ይወቁት ብዬ አንቀጽ 7ን በአጭር መልእክት ልላክ አልኩ። ቆጠርኩት። ከክፍት ቦታውና ከነጥቡ ጋር 95 ሆነ። በላቲን ፊደል ቢሆን አንድ መልእክት 160 ይይዛል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን ወደ 70 ይወርዳል። አንዲት ብቻ! ስለዚህ አንቀጽ 7 ሁለት መልእክት ሆነ፣ የሁለት ሒሳብ። ያንኑ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስጽፈው ከ150 ትንሽ አለፈ፤ አንድ መልእክት፣ የአንድ ሒሳብ። ልጆች አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ስንቆጣ ኖረናል። ለካ አንዱ ምክንያት ሳንቲም ነበር።

የኔ ልብ ያለው ግን ድምፁ ጋ ነው። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዛሬ ብዙ ዓይነት ድምፅ ተቀባይ አለ። እኔ የሞከርኩትን ስሙን አልጠራም፣ በኋላ «ስማችንን አጠፉ» እንዳልባል።

አምና አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ቡናዬን ይዤ። ስልኩን ከፍቼ ይቺን ወረቀት አነበብኩለት። ቀስ ብዬ፣ እንደ ዜና አንባቢ። የጻፈውን እነሆ፦ «ማንኛውም እድር ተኛ ለቅሶ ቤት ሳይገኝ ቢቀርና በቂ ምክንያት ባያቀርብ ብር አንድ ይቀጣል ለቀስ ተኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ያላደረሰ ተረኛ ብር ሁለት ይቀጣል»።

ዕድሩ ተኛ። ለቀስተኛውም ተኛ። ተረኛው ብቻ ነቅቶ ቀረ።

ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ በር አንኳኳች። አነበብኩላት፣ እሷም ተቀመጠች።

ከሳቁ በኋላ ግን ወረቀቱን አውጥቼ ነጥብ በነጥብ አወዳደርኩ። መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። አንቀጹን ለመጻፍ የፈጀብኝ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ነው። በስቴንስል አንድ ገጽ ግማሽ ቀኔን ይበላ ነበር። «ምክንያት»፣ «የሚቀመጥበትን»፣ እነዚህ ከባድ ቃላት ልክ ወጥተዋል። የኔ ድምፅ ጎርናና ነው፣ ጥርሴም ሁሉም የለም። እንዲያም ሆኖ ገብቶታል። ይህ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ዓይኑ የደከመ ሰው፣ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ፊደል ቆጥሮ ኪቦርድ ያልነካ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ቻለ ማለት ነው። ጎረቤቴ እዚያው ለልጇ መልእክት ጻፈችበት። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ጽሑፍ ነው፣ ከፊርማ ሌላ።

ጉድለቱ ደግሞ አስተማሪ ነው። አንደኛ፣ ዕድር በዐይኑ ዐ ነበር፣ እሱ በአልፋው አ ጻፈው። አልወቅሰውም። እኔ ራሴ ስናገረው ልዩነት የለውም። ሠ እና ሰን በአማርኛ አፍ ማንም አይለያቸውም። በዓይን ብቻ የሚታየውን ነገር በጆሮ ከየት ያመጣዋል? ሁለተኛ፣ ነጥብ የለም። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ሆነው ፈሰሱ። ደንብ ላይ ደግሞ ነጥብ ማለት ገንዘብ ነው። ብር 1 የሚያልቀውና ብር 2 የሚጀምረው እዚያ ነው።

በተገላቢጦሹም ሞከርኩት፣ ጽሑፉን ያንብብልኝ ብዬ። እዚያ ሌላ ጉድ መጣ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ብትጽፉ በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር ይሁን ወረቀቱ አይነግራችሁም። «አለ» ብትጽፉ ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን እንዲሁ። እኛ ከአገባቡ እንረዳለን። ማሽኑ ግን «ሰብሳቢው አለ» የሚለውን እንደ ወሬ አነበበው፣ ሰብሳቢው የሆነ ነገር የተናገሩ ይመስል። ልብ አድርጉ፣ ይህ የስልኩ ጥፋት ብቻ አይደለም። የጽሕፈት መኪናውም፣ ዊንዶውስ 98ም ይህን አልነኩትም፤ ዩኒኮድ የማጥበቂያ ምልክት ቢኖረውም በዕለት ተዕለት ጽሑፋችን አንጠቀምበትም። መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዕቃ በተግባር ይህን ጥያቄ ለአንባቢው ነው የተወው፣ አንባቢው ሰው ስለነበር። አሁን አንባቢው ማሽን ሲሆን ጥያቄው ተመልሶ መጣ። በእናንተ እጅ ነው ያለው፣ በኔ አይደለም።

ጊዜዬ እያለቀ ነው መሰለኝ፣ አዘጋጁ እጅ እያሳዩኝ ነው። ጥያቄ እንቀበል ተባለ።

አንዷ «እርስዎ ዛሬ በምን ይጽፋሉ?» ብላለች። በድምፅ ረቂቁን አወጣለሁ፣ ተኝተው የተገኙትን እቀሰቅሳለሁ፣ ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ነጥቡንና ዐይኑን ዐ አስተካክላለሁ። አትሜ አንድ ኮፒ ዕድሩ ሳጥን፣ አንድ ኮፒ ቁም ሳጥኔ። አዲሱ አንቀጽ 7 ብር 200 ይላል። ተቃውሞ ነበር፣ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ሌላው «የጽሕፈት መኪናዋ አለች?» ብሏል። አለች። ቢሮው ሲያስወግዳት በጨረታ ገዛኋት። የመ ክንዷ ይጣበቃል፣ በጣት መመለስ ነው። ዛሬ ላመጣት አስቤ ነበር፣ ክብደቷን ሳስብ ተውኩት።

የመጨረሻው ጥያቄ «ፍሎፒው ላይ ያለው ደንብ በመጨረሻ ተነበበ ወይ?» የሚል ነው። አዎ። የድሮውን ፎንት ያላት አንዲት የማተሚያ ቤት ዲዛይነር ጭንብሉን መልሳ አጠለቀችለት፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ገለበጠችልኝ። ከጥቂት ባዶ ሳጥኖች በስተቀር ሁሉም መጣ። አንዱ ባዶ ሳጥን የወደቀው አንቀጽ 12 ላይ ነው፣ ድንኳን የሚመልሱበት ቀን ጋ። እሱን ከዚያ ዘመን ህትመት ነው የሞላሁት።

ሁለት ፍሎፒ ግን ገና ቤት አለኝ። አንዱ ላይ የ1990ዎቹ የአባላት ዝርዝር አለ፣ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የዚያ ጠጋኝ ልጅ ማሽን ደግሞ ባለፈው ክረምት ተቃጥሏል። ከእናንተ ውስጥ የሚሠራ ፍሎፒ አንባቢ ያለው ሰው ካለ ሻዩ ላይ ያግኘኝ። ፍሎፒዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።